ሰባት ሆነን ሄደን ስድስት ሆነን የተሳፈርንበት የማርሊን ጉዞ

ይሄንን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ሶስት አራት ሰው "እናንተ እንዴት ነበር የሄዳችሁት፣ ስንት ከፈላችሁ፣ አሳውስ የት ደረሰ" እያለ ስለጠየቀኝና ለእያንዳንዱ በስልክ ማውራት ስለሰለቸኝ ነው። በዛ ላይ እኔ የማወራው ሌላ ወንድሜ የሚያወራው ሌላ ስለሆነ የኔው ቢያንስ በጽሁፍ ይቀመጥ።

እኛ ያለነው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ታናሽ ወንድሜና ሚስቱ ደሞ አሌክሳንድርያ ቨርጂኒያ። አባባ በሰኔ ከባህር ዳር መጡ። ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ ዜና ሲያዩ ከረሙና አንድ ቀን "እዚህ አገር ውሃ የለም እንዴ?" አሉ። የጣና ዳር ልጅ ናቸው፣ በደንገል ታንኳ ቆሮሶና አምባዛ ሲያጠምዱ ነው ያደጉት፣ አስተማሪ ሆነው ጡረታ እስኪወጡም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሀይቁ ዳር አይጠፉም ነበር። ፖቶማክ ወንዝን ወስደን አሳየናቸው። ትንሽ ቆመው አዩትና "ክረምት ላይ ያለ አባይ ነው" ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ። ከዛ ነው ወንድሜ ኦሽን ሲቲን ያመጣው። ወንድሜ ስለ አሳ ቪድዮ የሚያይ ሰው ነው፣ ለሶስት አመት ያህል ማርሊን ማርሊን (አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ ትልቅ የባህር አሳ ነው) እያለ ነፍሳችንን አውጥቶታል፣ አባባ ለሱ ጥሩ ሰበብ ሆኑለት።

ለማያውቅ ሰው፣ ኦሽን ሲቲ ሜሪላንድ ራሷን የዋይት ማርሊን (የነጩ ማርሊን) የአለም ዋና ከተማ ብላ ነው የምትጠራው። ከኛ ጋር ቤይ ብሪጅን ተሻግሮ ሶስት ሰአት ግድም መንዳት ነው። የሚገርመው ጀልባ የሚወጣበትን የባህር በር ሰው አስቦ አልሰራውም፣ በ1933 ነሀሴ ላይ የመጣ ማእበል ነው መሬቱን ቆርሶ የከፈተው፣ መንግስት በኋላ በድንጋይ አጠናክሮ አቆየው እንጂ። ያ በር ባይከፈት ኖሮ ከተማዋ ዛሬ አሸዋና ፍሬንች ፍራይስ ብቻ ነበረች ማለት ነው። ከ1974 ጀምሮ ደሞ በየአመቱ ነሀሴ መጀመሪያ ላይ ትልቅ የማርሊን ውድድር አለ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚበላበት። እኛ ውድድሩ ውስጥ የለንበትም፣ ለቤተሰብ አንድ ቀን ጀልባ መከራየት ነው ያሰብነው።

ቡክ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ጥፋቱ ከኔ ይጀምር። ለሙሉ ቀን 2,800 ዶላር፣ ከዛ ላይ 700 ቀብድ። እኔና ወንድሜ እኩል ልንካፈል ተስማማን። በሜሴጅ "ስድስት አዋቂና አንድ ልጅ ነን" ብዬ ጻፍኩ፣ "ኖ ፕሮብለም" የሚል መልስ መጣ። ስክሪንሻቱ እስካሁን አለኝ። (አዋቂ ያልኩት የ14 አመት ልጄንም ጨምሬ ነው፣ ልጅ የተባለችው የ9 አመቷ ልጄ ናት።) ሌላ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። አሳውን ይዘነው እንሄዳለን ወይ፣ አየር ቢበላሽ ምን ይሆናል፣ መልስ የሚሰጠኝ ሰውዬ ካፒቴኑ ነው ወይ ሌላ ሰው ነው፣ ምንም። ቀብዱን ስከፍል የነበረኝ ጥንቃቄ ፒዛ ሳዝ ካለኝ ያነሰ ነበር።

ቀኑን የመረጥነው ለአባባ ብለን ነው፣ ፍልሰታ ከመግባቷ በፊት ያለችውን ቅዳሜ። አርብ ማታ ሆቴል ገብተን ልጆቹን አስተኝተን ካፒቴኑ ደወለ፣ ንፋስ አለ፣ ሞገዱ ከአምስት እስከ ሰባት ጫማ ነው፣ አንወጣም አለ። ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል፣ የሆቴሉ ግን አይመለስም። ወንድሜ ተናደደ፣ እኔም ተናደድኩ፣ በማግስቱ ዳር ላይ ቆመን ባህሩን ስናየው ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ያን ቀን ያላስወጣን ሰውዬ እድሜ ይስጠው፣ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበር።

ያለው ቀጣይ ቅዳሜ ነሀሴ አጋማሽ ነበር፣ ጾሙ መሀል። አባባ ትንሽ አሰቡና "ማጥመድ አልተከለከለም፣ መብላት ነው እንጂ" ብለው ፈቀዱ። ጉዳዩ ላይ ከቄስ ጋር መመካከርም አላስፈለጋቸውም፣ ራሳቸው ድቁና ነበራቸው።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል። ቅዳሜ ሌሊት በኛ አቆጣጠር 10 ሰአት፣ ጨለማ፣ የጀልባ መብራትና የናፍጣ ሽታ። ሰባታችን ተሰልፈን ቆመናል፣ አባባ በጋቢ። ካፒቴኑ ቆጠረን። እንደገና ቆጠረን። "ሰባት ናችሁ" አለ። ስክሪንሻቱን አሳየሁት። አየውና ያን የጻፈው ቡኪንግ የሚሰራው ልጅ ነው፣ ላይሰንሱ ግን የኔ ነው አለኝ። ነገርየው እንዲህ ነው፣ እንደዚህ አይነት ጀልባ የሚነዱ ካፒቴኖች ብዙዎቹ ያላቸው "ሲክስ ፓክ" የሚባለው የኮስት ጋርድ (የባህር ጠረፍ ጥበቃ) ላይሰንስ ነው፣ ከስድስት በላይ ተሳፋሪ አይጭንም፣ ካፒቴኑና ረዳቱ አይቆጠሩም፣ ህጻን ግን የሚታቀፍም ቢሆን ይቆጠራል። ሰውየው ልክ ነው። ያኔ ግን ልክ መሆኑ ምንም አልረዳንም።

ከዛ የሆነውን ሀበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቴ "እኔ ልቅር በቃ" አለች። የወንድሜ ሚስት "ኧረ በማርያም! አንቺማ አትቀሪም፣ እኔ ነኝ የምቀረው፣ እንደውም ውሃ እፈራለሁ" አለች። አባባ "እኔ ውሃ አይቼ ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ" አሉ፣ እሳቸው ይሄን ሲሉ ሁላችንም አንድ ላይ "ኧረ አባባ!" ብለን ጮህን፣ አጠገባችን ያለው ጀልባ ላይ ያሉት ሰዎች የተጣላን መስሏቸው ዞር አሉ። ካፒቴኑ ሰአቱን ያያል። በዚህ መሀል ወንድሜ ከጀልባው ጠርዝ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ወረደና "አይል ስቴይ፣ ኖ ፕሮብለም" አለ።

በእንግሊዝኛ አለው። በአማርኛ ብሎት ቢሆን ኖሮ ካፒቴኑ አይሰማውም ነበር፣ እኛም ክርክሩን እንቀጥል ነበር፣ በሶስተኛው ወይ በአራተኛው ዙር እውነተኛው የሚቀረው ሰው (ባለቤቴ ናት፣ መጀመሪያም መሄድ አልፈለገችም) ይታወቅ ነበር። ሀበሻ "እኔ ልቅር" ሲል ገና ጨዋታው መጀመሩ ነው እኮ። ካፒቴኑ ግን "አፕሪሺየት ኢት፣ ሰር" ብሎ ለረዳቱ ምልክት ሰጠ፣ ረዳቱ ገመዱን ፈታ።

እኔ ታላቅ ነኝ። "ና ግባ፣ እኔ ነኝ የምቀረው" ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አላልኩም። ልል ነበር፣ ግን ሶስት ሰከንድ ያህል ዘገየሁ፣ በነዛ ሶስት ሰከንድ ውስጥ ምን እንዳሰብኩ አውቃለሁ፣ ግማሹን የከፈልኩት እኔም ነኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። ጀልባው አንድ ሜትር ራቀ፣ ሁለት ሜትር ራቀ።

ሙዝ ደሞ አለ። ለአባባ ጾም ስለሆነ ባለቤቴ ለ9 ሰአት ብላ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላ፣ ከሱ ጋር ስድስት ሙዝ ይዛ ነበር። ረዳቱ ቦርሳው ውስጥ ሙዙን ሲያይ እባብ ያየ ነው የመሰለው። አሳ አጥማጆች ጀልባ ላይ ሙዝ አያስገቡም፣ ገደቢስ ነው ይላሉ፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ በእውነት ያምኑበታል። ጀልባው ሲነሳ ሙዙን አሳልፎ ለወንድሜ ሰጠው። ስለዚህ ከኋላ ዞር ብለን ያየነው የመጨረሻው ነገር፣ ወንድሜ በዛ የወደብ መብራት ስር፣ ለዚህ ቀን ብሎ የገዛውን ባለ አሳ ስእል ሸሚዝ ለብሶ፣ ስድስት ሙዝ ይዞ ቆሞ ነው። እጁን አወዛወዘልን። በዛኛው እጁ።

ጉዞው ወደ ሶስት ሰአት ይፈጃል፣ ወደ 60 ማይል፣ ባልቲሞር ካንየን የሚባለው ድረስ። ካንየን ማለት ከባህር ስር ያለ ገደል ነው፣ ጥልቀት የሌለው ሜዳ ሄዶ ሄዶ ድንገት የሚሰበርበት፣ ሞቅ ያለው ሰማያዊ ውሃ የሚመጣበትና ትናንሽ አሳ የሚሰበሰብበት፣ ማርሊኑም እነሱን ተከትሎ ይመጣል። እዛ እስክንደርስ ልጄ (14 አመቱ) ሁለቴ አስመለሰው፣ የማቅለሽለሽ ኪኒኑን "አያስፈልገኝም" ብሎ እንቢ ያለው እሱ ነው። እኔ አንዴ። ባለቤቴ ከተነሳንበት ጀምሮ ተኝታለች፣ ለመሞት እየጸለየች ነበር ብላኛለች በኋላ። መንገድ ላይ የእንቁላል ሳንድዊች የበላን ሁሉ ወደቅን። ምንም ያልቀመሱት አባባ ብቻ ናቸው ከካፒቴኑ ስር ያለችው አግዳሚ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጸሀይ ስትወጣ የሚያዩት። ኪኒኑ የሚዋጠው ከመሳፈር በፊት ነው፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ቢውጡት ተመልሶ ነው የሚወጣው። ይሄን ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር፣ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል።

ውሃው አረንጓዴ ነበር፣ ከዛ የሆነ ቦታ ላይ እንደ ተሰመረ ነገር አለ፣ ከመስመሩ ወዲያ ወደ ቀለም የሚጠጋ ሰማያዊ ነው። አባባ ያኔ ተነሱ። "ጥልቅ ነው" አሉ፣ ሌላ አላሉም።

አጠማመዱ ከኋላ አምስት ስድስት መስመር እየጎተቱ መሄድ ነው፣ መንጠቆው ላይ ቀጭን አፈ ሹል ትንሽ አሳ አለ፣ ባሊሁ የሚሉት፣ ከሱ ሌላ ደሞ ማርሊኑን ለማታለል ብቻ መንጠቆ የሌለው ጌጥ ይጎተታል። ሶስት ሰአት ተኩል ምንም የለም። ምንም። ይሄን ቪድዮዎቹ አያሳዩም። ልክ 5 ሰአት አልፎ ረዳቱ "ዋይት! ዋይት!" ብሎ ጮኸ፣ ከኋላ ቡናማ ጥላ የመሰለ ነገር መጣ፣ ከዛ ጥላው በራ፣ በቃ በራ ነው የምለው፣ ሰማያዊና ሀምራዊ፣ ሲናደድ ወይም ሲርበው ቀለሙ እንደዛ ይሆናል አሉ። በአፍንጫው ጦር አሳውን መታ መታ አደረገው። ረዳቱ መስመሩን ለቀቅ አደረገለት፣ ጠበቀ፣ ከዛ ዘንጉን ይዞ ዞረ፣ ማን ይቀበለው? ልጄ ወለል ላይ ነው። እኔ ባልዲው ጋ ነኝ። ቅርብ የነበረችው የወንድሜ ሚስት ናት፣ ውሃ የምትፈራዋ።

ወደ 25 ደቂቃ ያዘችው። ዘሎ ሲወጣ ቆጠርን፣ ሰባት ጊዜ። "ጌታዬ! ጌታዬ! እረ ያዙልኝ!" ትላለች፣ ግን ልንቀበላት ስንል ዘንጉን አትለቅም። አንድ ጊዜ እኔ ከስር ደገፍኩላት፣ አንድ ጊዜ ረዳቱ ሪሉን (የመስመሩን መጠቅለያ) ነካ አደረገ። ውድድር ላይ ቢሆን ይሄ አይፈቀድም፣ ዘንጉን ሌላ ሰው ከነካው አበቃ። እንደውም እዛው ኦሽን ሲቲ ያለው ውድድር አሸናፊዎቹን በውሸት ማወቂያ ማሽን ነው የሚፈትነው፣ በ2016 አንደኛ የወጣው ሰውዬ ፈተናውን አላለፍክም ተብሎ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ተከልክሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተሸንፏል። እኛን ቢፈትኑን ማሽኑ ራሱ ይቃጠል ነበር።

አሳው ጀልባው ጎን ሲደርስ ረዳቱ በጓንት ጦሩን ያዘው። አይኑ ትልቅ ነው፣ ከጠበቅኩት በላይ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ዙሪያው ብር የመሰለ፣ ቀጥታ እኛን ያያል። የጀርባ ክንፉ ጫፍ ክብ ነው፣ ሰማያዊው ማርሊን ሹል ነው በዚህ ይለያል አለን። "ስንት ኪሎ ይሆናል?" አሉ አባባ፣ ተረጎምኩላቸው፣ 60 ፓውንድ ግድም አለ። "27 ኪሎ! በግ እኮ ነው!" አሉ፣ ፊታቸው ሁሉ በራ። ረዳቱ መንጠቆውን ከአፉ ጥግ አወጣ፣ ጀልባው ቀስ እያለ ወደፊት ሄደ፣ ውሃው በስንጥቡ እንዲያልፍ ትንሽ ያዘው፣ ከዛ ለቀቀው። ጭራውን አንዴ መታ፣ የለም።

አባባ ውሃውን አዩ፣ ረዳቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አመለጠው?"

"አይ አባባ፣ ለቀቀው።"

"ለምን?"

"ይለቃሉ እዚህ።"

ትንሽ ቆዩና ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው "ጾመኛ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ይሄኛው የኔ ሁለተኛ ጥፋት ነው፣ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ፣ ለመንገር ደሞ ቀድሜ ማወቅ። በአትላንቲክ ዋይት ማርሊን ለማስቀረት ከታችኛው መንጋጋ እስከ ጭራው ሹካ ቢያንስ 66 ኢንች መሆን አለበት፣ 1 ሜትር ከ68 ገደማ፣ ያስቀረ ሰው ሪፖርት ያደርጋል፣ መሸጥ ክልክል ነው፣ አገሩ በሙሉ ደሞ በአመት ነጭና ሰማያዊውን አንድ ላይ ደምሮ ለመዝናኛ አጥማጆች ያለው ጣሪያ 250 አሳ ብቻ ነው። የሚለቀቅ አሳ ከውሃ አይወጣም፣ አቅፎ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ላይ ካፒቴኑ ራሱ በጀልባው ማርሊን አያስቀርም። ይሄን ሁሉ ስተረጉምላቸው አባባ በትእግስት ሰሙና "ጣና ላይ ይሄን ያህል አሳ ይዞ የለቀቀ ሰው ወይ አብዷል ወይ ስለት አለበት ነው የሚባለው" አሉ። በኋላ ግን፣ ከአንድ ሰአት በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው "250 አሉ ለስንት ሚሊዮን ሰው?" አሉኝ። 340 ሚሊዮን ግድም አልኳቸው። "እሱስ ይልቀቁት" አሉ።

ለስጋው ሲመለሱ ነው ያጠመድነው። ካፒቴኑ የሎብስተር ወጥመድ ምልክት የሆኑት ተንሳፋፊ ኳሶች ጋ እየቆመ ማሂ ማሂ የሚባለውን አሳ አስያዘን፣ ከጥላዋ ስር ተሰብስበው ይቆማሉ፣ ትንሽ ቁራጭ መጣል ነው። ልጄ ነፍስ ዘራ፣ የ9 አመቷ ብቻዋን አራት አወጣች፣ በጠቅላላው 11። ይሄን ክፍል አላራዝመውም፣ ከሁሉም የተደሰትንበት እሱ ነው፣ ማርሊን ማርሊን ብለን ባንሄድ በግማሽ ብር ማግኘት የምንችለው ነገር ነበር። 9 ሰአት ላይ አባባ አማትበው ሽሯቸውን በሉ።

ወደቡ ላይ 11 ሰአት ተኩል ስንደርስ ወንድሜ ቆሞ ይጠብቀናል። አስራ ሶስት ሰአት። ቦርድዋክ (ባህሩ ዳር ያለው የእግር መንገድ) ላይ ዞሯል፣ መኪና ውስጥ ተኝቷል፣ አፍንጫው በጸሀይ ተልጧል፣ ስድስቱንም ሙዝ በልቷል። "ያዛችሁ?" አለ። ማንም መልስ ሳይሰጥ ሚስቱ መዳፏን ዘርግታ ቀዩን ምልክት አሳየችው። "አንቺ?" አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ቪድዮውን አየ፣ ልጄ ተኝቶ የቀረጸው ነው፣ ግማሹ ሰማይ ነው፣ አሳው የሚታየው አራት ሰከንድ ነው፣ አምስት ጊዜ ደጋገመው።

ሂሳቡ፦ ጀልባው 2,800፣ ለረዳቱ 500 ቲፕ (ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት የተለመደ ነው፣ አሳውንም እሱ ነው የሚገፍፍልህ)፣ የመጀመሪያው ሆቴል 310፣ የሁለተኛው 290፣ ቤንዚንና ምግብ ሳይጨመር 3,900። ስለ ሰባተኛው ሰው ካፒቴኑን ሳዋራው ይቅርታ ጠየቀ፣ ለሚቀጥለው 200 ዶላር እቀንሳለሁ አለ፣ አልተከራከርኩም። ቡኪንግ የሚሰራው ሰው ለሜሴጄ እስካሁን አልመለሰም። ለወንድሜ ግን የከፈለውን ልመልስለት ደወልኩ፣ "ኧረ ተወው ባክህ፣ ምን ችግር አለው" አለ። እውነቱን ነው ወይስ ዙር አንድ ነው? እኔ እንጃ። ሁለተኛ ብጠይቀው ይቀበለኝ ነበር ይሆናል፣ ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ማሂ ማሂው ጾሙ እስኪፈታ ፍሪዘር ቆየ። ከዛ ወንድሜ ቤት ተሰበሰብን፣ አባባ ራሳቸው ዱቄት ነክረው በሚጥሚጣ ጠበሱት፣ "ቆሮሶ አይደርስበትም፣ ግን አይከፋም" አሉ። ቆሮሶ ነው አይደርስበትም ያሉት ወይስ ይሄኛው፣ አልገባኝም፣ ባለቤቴ ይሄኛው ነው ትላለች። የወንድሜ ሚስት የማርሊኑን ታሪክ ለአራተኛ ጊዜ አወራች፣ አሁን ዝላዩ አስራ አንድ ደርሷል። ወንድሜ ሳህን እያነሳ ወደ ኪችን ሄደ።

ባለፈው ሳምንት በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለሚቀጥለው ክረምት ጀልባ መያዙን ጻፈ፣ ካፒቴኑን ራሱን በስልክ አናግሮ፣ በስም ዝርዝር። አባባ ተመልሰው ይመጣሉ፣ እሱ፣ ሚስቱ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ አንድ የስራ ጓደኛው። ስድስት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።

"ችግር የለም፣ እኔ እቀራለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

"አመሰግናለሁ" ብሎ መለሰ።